«እዚያ ከወለደች በቃ፣ ቀረች!»፦ በሰው አገር ስለሚወለድ ልጅ የሚወራውና እውነታው

ባለፈው እሑድ እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ልጃቸው እኅቷን ልትጠይቅ በጉብኝት ቪዛ አሜሪካ ከሄደች ሦስት ወሯ ነው። እርግዝናዋ ደግሞ ሰባተኛ ወሩን ይዟል። ስልኩ ስኳር ዕቃው ላይ ተደግፎ ቪዲዮው ተከፍቷል፤ እናት ጀበናውን ረስተው ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል። አንዷ ጎረቤት «እዛው ውለጂ፣ በቃ ቀረሽ ማለት ነው!» አለቻት። ሌላው ሽማግሌ «ታዲያ ልጁ ኢትዮጵያዊነቱን ሊያጣ ነዋ?» አሉ። አቦሉ ሳይቀዳ ክርክሩ ጦፈ። እኔም የሰማሁትን አንድ በአንድ ላንሳው።

«ልጁ ዜጋ ከሆነ እናቱም ትሆናለች»

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ምድር ላይ የሚወለድ ልጅ ዜግነት የሚያገኘው እ.ኤ.አ. በ1868 በጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። በ1898 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከቻይናውያን ወላጆች ሳን ፍራንሲስኮ ለተወለደው ለዎንግ ኪም አርክ በዚሁ መሠረት ፈረደለት። የዲፕሎማት ልጅ ግን በዚህ አይካተትም።

ለእናትየው ግን ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። ልጇ ወላጆቹን ለማስመጣት ማመልከት የሚችለው 21 ዓመት ሲሞላው ነው። እስከዚያ እሷ ያው እንግዳ ናት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ፓስፖርት ላይ የተለጠፈው ቪዛ የሚያልቅበት ቀንና አገሩ ውስጥ እንድትቆይ የተፈቀደላት ቀን አንድ አይደሉም። ሁለተኛው የሚገኘው አይ-94 በሚባለው የመግቢያ መዝገብ ላይ ነው፤ ለጎብኚ ብዙ ጊዜ 6 ወር ይሰጣል። ያንን ቀን ከ180 ቀን በላይ አሳልፋ ከወጣች 3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ካሳለፈች 10 ዓመት ተመልሳ እንዳትገባ ትታገዳለች። «ልጄ አሜሪካዊ ነው» ማለት ይህን ቆጠራ አያስቆመውም።

«ሆድሽን ደብቂ፣ ነፍሰ ጡር ቪዛ አይሰጧትም»

ነፍሰ ጡር አትግባ የሚል ሕግ የለም። ያለው ሌላ ነው፤ ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጉዞዋ ዋና ዓላማ ልጁን ዜጋ ለማድረግ ነው ብሎ ቆንስሉ ካመነ ቪዛ ይከለክላል። ለሕክምና ነው የምሄደው ካለችም ወጪውን እንደምትችል ማሳየት አለባት። ከመከልከል የባሰው መዋሸት ነው። ቆንስሉ ፊት የተነገረ ውሸት የዕድሜ ልክ እገዳ ሊያመጣ ይችላል። ዛሬ ተከልክሎ ነገ ማመልከት ይሻላል፣ በኔ እምነት።

ደግሞም ሕጉ ራሱ እየተናጠ ነው። ጥር 2025 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ትራምፕ እናቱ በጊዜያዊ ቪዛ ላለች፣ አባቱም ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ላልሆነ ልጅ ዜግነት እንዳይሰጥ የሚል ትዕዛዝ ፈረሙ። ፍርድ ቤቶች አገዱት፤ ክርክሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘለቀ። ስለዚህ ካቻምና የወለደች ዘመድ የነገረቻችሁን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የሰሞኑን ጠይቁ።

«ሕክምናው ነፃ ነው»

ምጥ ይዟት የመጣችን ሴት ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል እንዳይመልሳት የሚያስገድድ ሕግ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የሂሳቡ ቢል ግን በኋላ በፖስታ ይመጣል። የጉዞ ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ መደበኛ ወሊድን አይሸፍንም።

«የትም ይወለድ፣ የተወለደበት አገር ዜጋ ነው»

ካናዳ ላይ እውነት ነው። እንግሊዝ ላይ ግን ከ1983 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከወላጆቹ አንዱ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆን አለበት። አየርላንድም ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሩን አጥብባለች። ዱባይና ሪያድ መወለድ ለኛ ልጅ ዜግነት አይሰጥም። እንዲያውም በብዙዎቹ የባሕረ ሰላጤ አገሮች የጋብቻ ወረቀት ሳይያዝ የልደት ምስክር ወረቀቱ ራሱ ፈተና ነው። ጎንደር ውስጥ እስራኤል ዘመድ ያለው ብዙ ነው፤ እዚያም ቢሆን ከወላጆቹ አንዱ ዜጋ ካልሆነ መወለዱ ብቻውን ዜጋ አያደርገውም።

ኤምባሲ ግቢ መውለድም ያው ነው። ኤምባሲ የሌላ አገር መሬት አይደለም።

«ውጭ ከተወለደ ኢትዮጵያዊ አይደለም»

ሽማግሌውን ያስጨነቃቸው ይህ ነበር። የኛ ሕግ የሚያየው ደም ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል፤ አባት ይሁን እናት ልዩነት የለውም። በተወለደበት ቀን የሚያጣው ነገር የለም።

ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነትን አይቀበልም። ውጭ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ 18 ከሞላው በኋላ አንድ ዓመት አለው። በዚያ ውስጥ የሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ካላሳወቀ፣ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል። ዝም ማለት መልስ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ነው፤ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፣ ድምፅ ግን አያሰጥም።

«ጎንደር የተወለደማ የጎንደር ልጅ ነው!»

በፍቅር ከሆነ እሺ። ጥምቀት ልታይ መጥታ ምጥ የያዛት ቱሪስት ወይም ጦርነቱን ሸሽታ በመተማ የገባች ሱዳናዊት እዚህ ብትወልድ ልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ያገኛል። የልደት ወረቀት ግን የዜግነት ወረቀት አይደለም። አገር ውስጥ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ብቻ ሌላ ዜግነት እንዳለው ካልተረጋገጠ በቀር ኢትዮጵያዊ ይባላል።

«የክርስትና ወረቀቱ ይበቃል»

አይበቃም። ልደት በ90 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት መመዝገብ አለበት፤ ውጭ የተወለደም በኤምባሲያችን ወይም በቆንስላችን በኩል ይመዘገባል።

ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ልጅቷ ዝም ብላ ስልኳን ትነካካ ነበር። አይ-94ቱን ልታይ ኖሯል። «ሦስት ወር ይቀረኛል» አለች። እናቷ ጣታቸውን መቁጠር ያዙ። ሁለት ወር ለመውለድ፣ አንድ ወር ለሕፃኑ ፓስፖርትና ለአራስነት።

«ገንፎው እዚያ ይሁን ግድ የለም» አሉ፣ «ወንድ ከሆነ አርባው እዚህ ይደርሳል።»

ከዚያ ጀበናው ትዝ አላቸው። ገንፍሎ ከሰሉን አጥፍቶት ነበር።