«በሰዓት ሜጋዋት»? ኃይል ምንድን ነው?

ትናንት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። አንዱ አስተያየት ሰጪ «የሕዳሴ ግድብ በሰዓት 5,150 ሜጋዋት ያመነጫል» አለ። ኧረ በሕግ አምላክ! ይሄ ስንተኛው ነው?

ኃይል ብዙ የሚሸከም ቃል ነው። ኃይለኛ ዝናብ እንላለን፣ አየር ኃይል እንላለን፣ ሲከፋን ኃይለ ቃል እንናገራለን። የፊዚክስ መምህሩ ኃይል ሲል መግፋትና መሳብ ነው፤ የሚለካውም በኒውተን። እኛ የኤሌክትሪክ ሰዎች ደግሞ ዋትን ኃይል እንለዋለን። የመኪና ሞተር ላይ ስንደርስ «የፈረስ ጉልበት» ይሆናል። እሱም ያው ዋት ነው፣ አንዱ 746 ገደማ። ይሁን፣ በዚህ አልጣላም።

የሚያጣላኝ «በሰዓት» የምትለዋ ናት። አንድ ዋት ማለት በሰከንድ አንድ ጁል ነው፤ ጁል የኢነርጂ መለኪያ ነው። ጊዜው እዚያው ውስጡ አለ። ቦኖ ውሃን አስቡ። ቧንቧው በደቂቃ የሚያወርደው ሜጋዋት ነው። ጀሪካኑ ውስጥ የተጠራቀመው ሜጋዋት ሰዓት ነው። የመብራት ካርድ ስትሞሉ የምትከፍሉት ለጀሪካኑ ነው። 3 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። (ሙቀቱን እያየ ራሱን የሚያጠፋ ምጣድ ከሆነ ያንሳል። ይህን ካልጨመርኩ ባልደረቦቼ አይለቁኝም።)

«እሺ፣ 5,150ን በዓመቱ ሰዓታት ማባዛት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። አይደለም ጌታዬ። 5,150 ማለት ቧንቧው እስከ ጥግ ሲከፈት ነው፤ 13ቱም ተርባይኖች በሙሉ አቅማቸው ሲዞሩ። 8,760ውንም ሰዓት እንዲያ ቢፈስ ከ45,000 ጊጋዋት ሰዓት በላይ በሆነ ነበር (አንድ ጊጋዋት 1,000 ሜጋዋት ነው)። በዓመት የሚጠበቀው ግን 15,700 አካባቢ ነው፣ ከሲሶው ትንሽ ከፍ ያለ። ይሄ ብልሽት አይደለም። ዓባይ ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይሳሳል። ሰፊ ቧንቧ የሚጠቅመው ማታ ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ባንዴ ሲመጣ ነው። ደግሞ መስመሩም ያፈሳል፤ ከጉባ አዲስ አበባ እስኪደርስ የተወሰነው ሽቦውን አሙቆ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ለሹፌሩ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ። «ታዲያ እኛ ሰፈር ለምንድን ነው የሚጠፋው?» አለኝ።

ስለ ሰፈር ትራንስፎርመር ልጀምርለት ስል መውረጃዬ ደረሰ። ወራጅ አለ!