ሜዝ በወጣቶች የዲስቶፒያ ልቦለዶች፦ ግድግዳውን የሠራው ማነው?

ሜዝ ማለት የገባበት ሰው አቅጣጫ እንዲጠፋበት ተብሎ የተሠራ ቦታ ነው። አንዱ መንገድ ይቀጥላል፣ ሌላው ግድግዳ ላይ ያልቃል። የትኛው የት እንደሚያደርስ የሚታወቀው ከሄዱበት በኋላ ነው። ዲስቶፒያ የሚባሉት፣ ጨቋኝ ሥርዓትን ወይም የፈራረሰ ዓለምን የሚያሳዩት የወጣቶች ልቦለዶች ይህን ቦታ በጣም ይወዱታል። አንዳንዴ በራሱ ስም ይመጣል። አንዳንዴ ደግሞ እስር ቤት፣ ማለቂያ የሌለው ደረጃ ወይም የመጋደያ ሜዳ ሆኖ ብቅ ይላል። መልኩ ይለያይ እንጂ ልጆቹን የሚያስጨንቃቸው ነገር ተመሳሳይ ነው። ከመውጫው እኩል፣ እንዲያውም ከመውጫው በላይ፣ ግድግዳውን የሠራው ማን እንደሆነና ለምን እንደሚመለከታቸው ማወቅ ይፈልጋሉ።

የዚህ ሐሳብ የመጀመሪያ ምንጭ የግሪክ አፈ ታሪክ ነው። የቀርጤስ ንጉሥ ሚኖስ ዴዳሉስ የተባለውን ባለሙያ ላቢሪንት የሚባል ሜዝ ያሠራዋል። ውስጡ ግማሽ ሰው ግማሽ በሬ የሆነው ሚኖታውር ይኖራል። የሚኖስ ልጅ አቴና ውስጥ ስለሞተ፣ አቴናውያን ሰባት ወንዶችና ሰባት ሴቶች ልጆቻቸውን ለአውሬው እንዲገብሩ ይገደዳሉ። ቴሴዎስ አብሯቸው ይገባል፣ አውሬውን ይገድላል፣ የንጉሡ ልጅ አሪያድኔ የሰጠችውን ክር ተከትሎ ይወጣል። ብዙ ሰው አውሬውን ነው የሚያስታውሰው። የወጣቶች ልቦለድ የወሰደው ግን ግብሩን ነው። አዋቂዎች ተጣልተው ልጆች ይከፍላሉ። ሱዛን ኮሊንስ በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ለወጣው «ዘ ሀንገር ጌምስ» አንዱ መነሻዋ ይህ ታሪክ እንደነበር ተናግራለች። እዚያም ዲስትሪክት የሚባሉ 12 የአገሪቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ይልካሉ። 24ቱ እርስ በርስ ይጋደላሉ፤ አገሩ በሙሉ ደግሞ በቴሌቪዥን ያያል።

ሁለተኛው ምንጭ ቤተ ሙከራ ነው፤ በእኔ እምነት በልቦለዶቹ ላይ ከአፈ ታሪኩ የበለጠ ተጽዕኖ ያደረገውም እሱ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አሜሪካ በክላርክ ዩኒቨርሲቲ ዊላርድ ስሞል የተባለ ተመራማሪ ለአይጦች ሜዝ ሠራ። ንድፉን የወሰደው ለንደን ዳርቻ ካለው የሀምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት የአትክልት ሜዝ ነበር። ለመኳንንት መዝናኛ የተተከለው ነገር በዚህ መንገድ የአይጥ መፈተኛ ሆነ። ኤድዋርድ ቶልማን ደግሞ በ1948 ባወጣው ታዋቂ ጽሑፉ አይጦቹ ምግብ ባይሰጣቸውም እንኳ እየዞሩ የቦታውን ካርታ በአእምሯቸው እንደሚይዙ አስረዳ። ከዚህ በኋላ ሜዝ ሲባል ከላይ ሆኖ የሚያይና ማስታወሻ የሚይዝ ሰው አብሮ ይታሰባል። ሚኖስ ልጆቹን ወደ ላቢሪንቱ ሲልክ ማየት አላስፈለገውም፤ መሞታቸው በቂው ነበር። ተመራማሪው ግን የእያንዳንዷን መታጠፊያ ውጤት ይፈልጋል።

ይህንን ለወጣት አንባቢ ቀድሞ ያሳየው የዊልያም ስሊተር «ሀውስ ኦፍ ስቴርስ» ነው። የታተመው በ1974 ነው። ወላጅ የሌላቸው አምስት የ16 ዓመት ልጆች ደረጃ ብቻ ወዳለበት ቦታ ይወሰዳሉ። ግድግዳም ወለልም ጣሪያም አይታይም። ምግብ የምትሰጥ አንዲት ማሽን አለች፤ መብራቷ ብልጭ ሲል ልጆቹ ከጨፈሩላት ታበላቸዋለች። ቆይቶ መጨፈሩ አይበቃትም። አንዱ በሌላው ላይ ሲጨክን ብቻ ነው ምግብ የምትለቀው። ሁለቱ፣ ሎላና ፒተር፣ ረሃቡን መርጠው ይርቃሉ። ሦስቱ ይቀጥላሉ። ሙከራው ሲያበቃ ሁሉም ከዚያ ይወጣሉ። ሦስቱ መንገድ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል የትራፊክ መብራት ያያሉ፣ መጨፈርም ይጀምራሉ። መጽሐፉ አጭር ነው፣ ዛሬም ያስደነግጣል። ሜዙ ከልጆቹ ጋር አብሮ ወጥቷል።

የሜዝ ታሪኮችን በሰፊው ያሳወቀው ግን በ2009 የወጣው የጄምስ ዳሽነር «ዘ ሜዝ ራነር» ነው። ቶማስ በጨለማ ወደ ላይ በሚወጣ አሳንሰር ውስጥ ይነቃል። ከስሙ በቀር ስለ ራሱ የሚያስታውሰው የለም። ሲከፈትለት ግሌድ የሚባል ሰፊ ግቢ ያገኛል፤ ነዋሪዎቹ ወንዶች ልጆች ብቻ ናቸው። አሳንሰሩ በየወሩ አንድ ልጅ፣ በየሳምንቱ ስንቅ ያመጣል። ይህ ሁለት ዓመት ቀጥሏል። ልጆቹ ያርሳሉ፣ ያርዳሉ፣ ይገነባሉ፣ ያበስላሉ፤ አለቃና ሕግም አላቸው። ግቢውን ግዙፍ ግድግዳ ከቦታል፤ አራት በሮቹ በየምሽቱ ይዘጋሉ። ከበሮቹ ወዲያ ሜዙ አለ። ሌሊት ሌሊት ግድግዳዎቹ ቦታ ይቀያይራሉ፣ ግማሽ ሥጋ ግማሽ ማሽን የሆኑት ግሪቨሮች ይርመሰመሳሉ። ራነር የሚባሉት ልጆች በየቀኑ ሮጠው ስምንቱን የሜዝ ክፍሎች ያስሳሉ፣ ከመምሸቱ በፊት ተመልሰው ካርታ ይስላሉ።

የመጽሐፉ ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዓመት የተሮጠበት ሜዝ ሮጠው የሚያገኙት መውጫ የለውም። ቶማስ የስምንቱን ክፍሎች የአንድ ቀን ካርታ በስስ ወረቀት ገልብጦ ሲደራርባቸው መሐል ላይ አንድ ፊደል ይታያል። የሚቀጥለው ቀን ካርታ ሌላ ፊደል ይሰጣል። ፊደላቱ ተጋጥመው ስድስት ቃላት ይሆናሉ፤ ቃላቱም የመውጫው ኮድ ናቸው። ግድግዳዎቹ ይጽፉ ነበር ማለት ነው፤ ማንም አላነበባቸውም እንጂ። ጉልበትና ድፍረት ልጆቹን በሕይወት አቆይቷቸዋል። ያወጣቸው ግን የእያንዳንዱን ቀን ትንሽ ሥራ ሳይጥሉ ማስቀመጣቸውና ከብዙ ሰው ድካም አንድ ሥዕል መሥራታቸው ነው። ዌስ ቦል በ2014 በሠራው ፊልም ይህ የፊደል እንቆቅልሽ ቀርቶ በቁጥር ቅደም ተከተል ተተክቷል። ለፊልም ይቀላል፣ ገብቶኛል። ግን የታሪኩ ልብ ነበርና መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ሠሪው ዊክድ የሚባል ድርጅት ነው። የፀሐይ ነበልባል ምድርን አቃጥሏታል፣ ፍሌር የሚባል አእምሮ የሚያጠፋ በሽታ ተሰራጭቷል። ድርጅቱ ፈተና ላይ ያሉ ልጆችን አንጎል በማጥናት መድኃኒት አገኛለሁ ይላል። የልጆቹ ስም እንኳ የድርጅቱ ነው፤ ኒውት ከኒውተን፣ አልቢ ከአልበርት አይንስታይን፣ ቶማስ ከቶማስ ኤዲሰን የተወሰዱ ናቸው። ይባስ ብሎ ቶማስና ከእሱ በኋላ ወደ ግሌድ የመጣችው ብቸኛ ሴት ልጅ ቴሬዛ ሜዙን በመሥራት አግዘዋል። ትዝታቸው ስለተሰረዘ ነው የማያውቁት። ዴዳሉስም በአፈ ታሪኩ ከልጁ ከኢካሩስ ጋር በሚኖስ ታስሯል። የዳሽነር ልጅ ግን ሠሪም እስረኛም የሆነው ገና በለጋ ዕድሜው፣ አዋቂዎች ለበጎ ነው ብለውት ነው። መጽሐፉ ከባዱን ጥያቄ የሚያነሳው እዚህ ጋ ነው፤ ዓለምን ለማዳን ሲባል ልጅን ማሰቃየት ይፈቀዳል ወይ? ዊክድን እንደ ተራ ክፉ ማንበብ ይህንን ጥያቄ ያቀለዋል።

ካትሪን ፊሸር በ2007 ባሳተመችው «ኢንካርሴሮን» ደግሞ እስር ቤቱ ራሱ ሕያው ነው፤ በዓይኖቹ ያያል። ውጪ ያሉት ሰዎችም በአዋጅ ያለፈ ዘመን ኑሮ እንዲኖሩ ተገደዋል። ስለዚህ ከውስጥ የሚናፈቀው «ውጪ» ሌላ ቅጥር ነው።

በኮሊንስ ሁለተኛ መጽሐፍ፣ በ2009ኙ «ካቺንግ ፋየር»፣ የመጋደያው ሜዳ በ12 ቁራጮች እንደ ሰዓት የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በየተራው የራሱን አደጋ ይለቃል። ይህ አሠራር የገባት ዋይረስ ናት፤ ሌሎች ያበደች የመሰለቻቸው ሴት። የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ካትኒስ መጨረሻ ላይ በር አትፈልግም። መብረቁ ሲመጣ ሜዳውን የሸፈነውን የማይታይ የኃይል ግድግዳ በቀስት መትታ ታፈርሰዋለች። በሦስተኛው መጽሐፍ ግን ዋና ከተማዋ ራሷ ወጥመድ የተቀበረባት ሜዳ ሆና ትጠብቃታለች።

ልጆቹ ከሜዙ ሲወጡ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ይላላል። የዳሽነር ሁለተኛ መጽሐፍ ወደ በረሃ ይወጣል፤ አደጋው ይበዛል፣ የግድግዳው ጭንቀት ግን አይመለስም። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ሜዝ እንደነበረ እንሰማለን። ነዋሪዎቹ ሴቶች ልጆች ሲሆኑ የነበረው አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ኤሪስ ይባላል። ሁለት ዓመት እንዴት እንደኖሩ፣ ካርታቸውን ማን እንዳነበበው፣ መጀመሪያ ማን ወደ በሩ እንደሮጠች ሦስቱ ዋና መጻሕፍት በወሬ ብቻ ያልፉታል። ከሁሉ በላይ ማንበብ የምፈልገው የእነሱን ነው።