ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል

ይህን ተረት ሳይሰማ ያደገ አበሻ ያለ አይመስለኝም። ሱቅ በከፈተ በሁለተኛው ወር «ገበያ የለም» ብሎ ለሚያማርር ይባላል። መንጃ ፈቃድ ፈተና ወድቆ ተስፋ ለቆረጠም ይባላል። አትቸኩል፣ እያደር ይሆናል ነው ነገሩ።

መነሻው ጓሮ ውስጥ ነው። እንቁላል ቢገፉት ይንከባለላል እንጂ አይራመድም። የታቀፈች ዶሮ 21 ቀን ያህል ትሞቀዋለች። ከውጭ ለሚያየው ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ከዚያ ጫጩቷ ቅርፊቱን ከውስጥ እየነቆረች ትሰነጥቀዋለች፣ እርጥብ ሆና ትወጣለች፣ ላባዋ ሲደርቅ እናቷን ተከትላ ትሮጣለች። ያ እንቁላል በእግሩ ሄደ ማለት ነው።

ስለ ዝግመተ ለውጥ ሲወራም ይህ ተረት አፍ ላይ መምጣቱ አይቀርም። ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ግን ያሳስታል። ጣና ላይ እንየው።

ጣና ውስጥ ላቤዮባርበስ የተባሉ 15 የዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ። አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው፤ ከሐይቁ ወለል ትላትል ይለቅማል። አንዱ አፉ ሰፊ ነው፤ ሌሎች ዓሦችን ያድናል። ሌላው ዕፅዋት ይበላል፣ ሌላው ደግሞ ውኃው ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳትን። እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ ተመራማሪ ሁሉንም ጠቅልሎ አንድ ዝርያ ብሏቸው ነበር! እንደገና የተለዩት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተደረገ ጥናት ነው።

እንዴት ተለያዩ? ሐይቁ ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር የወለሉ ደለል ያሳያል። ውኃው ሲመለስ ከወንዝ የመጡ ዓሦች ሰፊ ቤት፣ ብዙ ዓይነት ምግብ አገኙ። ከታች ያሉት ዘመዶቻቸው ደግሞ 40 ሜትር ገደማ የሚወርደውን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ መውጣት አይችሉም። አፉ ትንሽ ሰፋ ያለው ዓሣ ማደን ቀለለው፣ በልቶ ጠገበ፣ ብዙ ወለደ። የመራቢያ ቦታም አለያያቸው። ሰባቱ ዝርያዎች ክረምቱ ሊወጣ ሲል እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ጊዜያቸው ሙሉ በሙሉ አንድ አይደለም። የቀሩት እዚያው ሐይቁ ውስጥ የሚራቡ ይመስላል። የማይገናኙ ደግሞ አይዳቀሉም።

እንግዲህ «ቀስ በቀስ» የሚለው ልክ ነው። ለሕይወት ታሪክ ግን 15 ሺህ ዓመት እንኳ ጥድፊያ ነው። የማይገጥመው እንቁላሉ ነው። እንቁላል ገና ሲጣል ጫጩት የመሆን ውጥኑ ውስጡ አለ። ጣና ላይ ግን አፈ ሰፊ ዓሣ ይውጣ ብሎ የታቀፈ የለም። ደግሞም የትኛውም ዓሣ በዕድሜው ሌላ ዝርያ አልሆነም፤ እንደተፈለፈለ ኖሮ ሞተ። የተለወጠው ትውልዱ ነው። ከልጆቹ መካከል የትኞቹ በዝተው ቀሩ? ጥያቄው ይኸው ነው።

ሲጠፉ ግን ቀስ በቀስ የለም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ገባ። ለመራባት ወንዝ አፍ ላይ የሚሰበሰቡትን ማፈስ ቀላል ሆነ። እነዚያ ወንዝ ወጪዎች በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ በጣም ተመናመኑ።