«ፈቃደኛ ነኝ» ብሎ መፈረም ምን ማለት ነው?

ኮሮና ኩላሊት በተተከለላቸው ሰዎችና በቤተሰቦቻቸው ላይ ያደረሰውን የሚያጠና ሰው መጀመሪያ የሚያወጣው የፈቃደኝነት ቅጽ ነው። ብዙዎች እንደ ውል ያዩታል። አይደለም። ውል ያስራል፤ ይህን የፈረመ ግን በመሐል «በቃኝ» ማለት ይችላል፣ ምክንያት እንኳ ሳይናገር።

ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ አንዲት እናት እስክሪብቶውን ይዘው «ካልፈረምኩ መድኃኒቴን ትከለክሉኛላችሁ?» አሉኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ፍርሃታቸው ገብቶኛል። ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት ባዕድ ብሎ እንዳያጠቃው የሚዋጠው መድኃኒት መቋረጥ የለበትም፤ ኮሮና እነሱ ላይ የከፋውም ይኸው መድኃኒት የመከላከል አቅምን ስለሚያዳክም ነው። መልሴ «በፍጹም፣ እማማ» ነበር። ሕክምናው ሌላ፣ ጥናቱ ሌላ።

የሚዘነጋው የቤተሰቡ ነገር ነው። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ ኩላሊት የሚሰጠው በአብዛኛው ዘመድ ነው። ለጋሹ ወንድም ስለራሱ ከተጠየቀ ለብቻው ይፈርማል፤ የእህቱ ፊርማ ለእሱ አይሆንም። ማንበብ ለማይችል ቅጹ በምስክር ፊት ይነበብለትና በጣት አሻራ ይፈርማል።

እማማ ልጃቸው እስኪያነብላቸው ቅጹን አስቀሩት። በማግስቱ ተመለስኩ።