በሰው ወጪ የሚደረግ የሕግ አውጪዎች ጉዞ፦ የአሜሪካን የጉዞ መዝገብ ከወሎ ሆኖ ማንበብ

የአሜሪካ ኮንግረስ አባላትና ሠራተኞቻቸው በግል ድርጅት ወጪ ሲጓዙ ማን እንደከፈለላቸው፣ ስንት እንደወጣና የት እንደሄዱ ያስመዘግባሉ። መዝገቡ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል፤ ደሴ ፒያሳ ስልኩን ይዞ የተቀመጠ ሰው ዋሽንግተን ካለው ጋዜጠኛ እኩል ያየዋል።

አሠራሩን በወሎ ምሳሌ እንየው። አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት የአንድን የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ረዳት ወልድያና ኮምቦልቻ ያሉ ጤና ጣቢያዎችን እንዲያይ ጋበዘው እንበል። ድርጅቱ በቅድሚያ ቅጽ ይሞላል፦ ገንዘቡ የማን ነው፣ ይህ ሰው ለምን ተመረጠ፣ ድርጅቱ ሎቢስት፣ ማለትም ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት የሚከፈለው ሰው፣ ይቀጥራል ወይ። የየቀኑ ፕሮግራምም ይያያዛል። ረዳቱ የራሱን ቅጽ ይሞላል፤ አለቃው የሆነው የምክር ቤት አባልም ይፈርምበታል። ይህ ሁሉ ከጉዞው 30 ቀን በፊት ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ይገባል። ኮሚቴው ካልፈቀደ ጉዞ የለም።

ጋባዡ የሚሸፍነው በአገር ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ በውጭ አገር ደግሞ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር እስከ 7 ቀን ነው። ሎቢስት የሚቀጥር ድርጅት ግን በአብዛኛው ከአንድ ቀን ዝግጅት በላይ መክፈል አይችልም፤ ለአንድ ቀን ብሎ ከዋሽንግተን ወልድያ የሚመጣ ስለማይኖር ክልከላው ለወሎ ጉዞ በሩን እንደመዝጋት ነው። ገደቡ የጠበቀው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ ጃክ አብራሞፍ የተባለው ሎቢስት እንደራሴዎችን ስኮትላንድ ድረስ ጎልፍ እንዲጫወቱ የወሰደበት ቅሌት ለዚህ ገፊ ምክንያት ነበር።

ተጓዡ በተመለሰ በ15 ቀን ውስጥ የጉዞውን መግለጫ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ያስገባል፤ ለሴኔት 30 ቀን ነው። በቅጹ ላይ የትራንስፖርት፣ የማደሪያ፣ የምግብና የሌላ ወጪ ለየብቻ ይጻፋል። የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ በጋባዡ ወጪ አብሮ ከሄደ የእሱም ወጪ ይታያል።

አንባቢ ቶሎ የሚሄደው ወደ ገንዘቡ ነው፤ ብዙ የሚናገረው ግን ፕሮግራሙ ነው። ለጤና ጣቢያ ጉብኝት የመጣ ሰው ግማሽ ቀን ወልድያ፣ ሦስት ቀን ላሊበላ፣ ያውም ለገና ሰሞን ከሆነ፣ ጉዞው ለሥራ ነው ማለት ይከብዳል። ከሥራው ይልቅ መዝናኛው ለሚያመዝን ጉዞ ደንቡ አይፈቅድም። አንድ ከሰዓት በኋላ ቤተ ጊዮርጊስን አይቶ መመለስ ግን ማንንም አያስደንቅም።

ትልቁ ቀዳዳ በወረቀቱ ላይ ያለው ከፋይ እውነተኛው ከፋይ ላይሆን መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አሥር የምክር ቤት አባላት ከበርካታ ረዳቶች ጋር ባኩ፣ አዘርባጃን ሄዱ። ቅጾቹ ጋባዥ ያሏቸው ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶችን ነበር። ኋላ በተደረገው ምርመራ ገንዘቡ፣ 750,000 ዶላር ያህል፣ ከአገሪቱ መንግሥታዊ የነዳጅ ኩባንያ ሶካር የመጣ ሆኖ ተገኘ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው፣ የተጓዙት የምክር ቤት አባላት አውቀው እንዳልተሳሳቱ ደምድሟል፤ ቅጹ ተሞልቶ፣ ጸድቆና ታትሞ ሳለ ሕዝብ የተነገረው ስም የተሳሳተ ነበር ማለት ነው። ሌላው ቀዳዳ እ.ኤ.አ. በ1961ዱ የአሜሪካ የባህል ልውውጥ ሕግ ሥር የውጭ መንግሥታት የሚከፍሉት ጉዞ ነው፦ ከግል ጉዞ ስለማይቆጠር ይህ ሁሉ የቅጽ ጣጣ አይነካውም።

እኛ ዘንድ ለዚህ የሚቀርበው የ2002ቱ የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ፣ ቁጥር 668/2002፣ ነው። ተሿሚዎችን፣ ተመራጮችንና የመንግሥት ሠራተኞችን ይመለከታል፤ ከደቡብም ከሰሜንም ወሎ ተመርጦ ፌዴራል ምክር ቤት የገባ ሰው ሀብቱንና የገቢ ምንጩን፣ የቤተሰቡን ጨምሮ፣ ያስመዘግባል። ምዝገባው የሚታደሰው በየሁለት ዓመቱ ስለሆነ የአንድ ሳምንት ጉዞን በ15 ቀን ውስጥ ከሚያወጣ መዝገብ ጋር ሚዛኑ አንድ አይደለም። የቅሬ (የእድር) ገንዘብ አባላቱ ፊት ሲቆጠር ላየ የወሎ ሰው የትኛው ፈጥኖ እንደሚያሳይ አይጠፋውም።

መዝገቡን የሚከፍት ሰው የእንደራሴውን ስም ብቻ ፈልጎ አይመለስ። የረዳቶቹ ጉዞ በራሳቸው ስም ነው የሚገባው፤ የሕግ ረቂቁን የሚጽፉትም ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።