በሽንኩርት ሥር ጫፍ የሕዋስ ክፍፍልን ማየት፦ ለጎንደር ተማሪዎች

የሕዋስ ክፍፍልን በዓይን ለማየት ለጎንደር ተማሪ ከቀይ ሽንኩርት የተሻለ ነገር አይገኝም። ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ አንድ ጠንካራ ራስ ይበቃል። ክሮሞዞሞቹ (በሕዋስ ውስጥ ዘረመል የሚሸከሙት ክር መሰል አካላት) 16 ብቻና ትልልቅ ስለሆኑ በተራ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕም ይለያሉ።

ሽንኩርቱን ማብቀል ቀላል ነው። የደረቁት አሮጌ ሥሮች ይላጣሉ፤ ሥር የሚወጣበት መቀመጫ ግን መቆረጥ የለበትም። ራሱ በብርጭቆ አፍ ላይ ተቀምጦ መቀመጫው ብቻ ውሃ ይነካል፣ ውሃውም በየቀኑ ይቀየራል። በ3 ቀን ገደማ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚደርሱ ሥሮች ይወጣሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ የጎንደር ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ እድገቱም ክፍፍሉም ይዘገያል፤ ብርጭቆውን ሞቅ ባለ ክፍል ማሳደር ይጠቅማል።

ብዙ ተማሪ «ምንም አይታይም» የሚለው ከተሳሳተ ቦታ ቆርጦ ነው። ሕዋሶች በብዛት የሚከፋፈሉት በጫፉ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉት መከፋፈላቸውን ትተው ይረዝማሉ። የተቆረጠው ጫፍ ወዲያው 3 እጅ አልኮልና 1 እጅ ግላሲያል (ውሃ ያልተቀላቀለበት) አሴቲክ አሲድ ውስጥ ገብቶ ቢያድር ሕዋሶቹ በነበሩበት ደረጃ ይቆማሉ።

ቀጥሎ ጫፉ በ1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆያል። አሲዱ ሕዋሶችን የሚያጣብቀውን ፔክቲን ያላላል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ «የፈላ ውሃ 100 ዲግሪ ነው» ብሎ ከቀዝቃዛ ጋር በመቀላቀል 60ን መገመት ስለሚያሳስት ቴርሞሜትር የግድ ነው። ጊዜው ካጠረ ሕዋሶቹ ተደራርበው ይታያሉ፣ ከረዘመ ቀለሙ ይደበዝዛል።

በውሃ ታጥቦ ክሮሞዞሞችን በሚያቀላው በአሴቶካርሚን ቀለም ከቀለመ በኋላ ከቨር ስሊፕ (ስስ መሸፈኛ መስታወት) ይደረግበትና በታጠፈ ወረቀት ላይ በአውራ ጣት ቀጥ ብሎ ይጫናል። ወደ ጎን ማንሸራተት ሕዋሶቹን ይቀድዳል።

መጀመሪያ በ10፣ ከዚያ በ40 ሌንስ ይታያል። አብዛኞቹ ሕዋሶች ኢንተርፌዝ (በሁለት ክፍፍሎች መካከል ያለው ጊዜ) ላይ ናቸው፤ ረጅሙን ጊዜ የሚያሳልፉት እዚያ ነውና። በሜታፌዝ ክሮሞዞሞቹ መሃል ላይ ይሰለፋሉ፤ ሕዋሱ ከዋልታው (ከአንዱ ጫፍ) በኩል ከታየ ግን ክብ ሆነው ስለሚበተኑ ከመጀመሪያው የክፍፍል ደረጃ ከፕሮፌዝ ጋር ይምታታሉ። በአናፌዝ የእያንዳንዱ ክሮሞዞም ሁለት ተመሳሳይ ክሮች ተለያይተው ወደ ሁለቱ ዋልታዎች ይሳባሉ። በመጨረሻው ደረጃ በቴሎፌዝ አዲሱ የሕዋስ ግድግዳ ከመሃል ተነሥቶ ወደ ጠርዝ ይሠራል፤ የእንስሳ ሕዋስ ግን ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ይከፈላል።