«ዲናያል ላይ ነህ!» እና ሌሎች ስለ አእምሮ መከላከያ ስልቶች የሚነገሩ ስህተቶች

ቲክቶክ ላይ ሦስት ቪዲዮ ያየ ሁሉ የዘመዱን አእምሮ መርማሪ ሆኗል። ባል ሲያኮርፍ «ፕሮጀክት እያደረግህብኝ ነው» ይባላል፤ የራስህን ስሜት እኔ ላይ ትለጥፋለህ ማለት ነው። የታመመ አጎት ስለ በሽታው ማውራት ካልፈለገ ቤተሰቡ ተሰብስቦ «ዲናያል ላይ ነው» ብሎ ይፈርድበታል፤ ዲናያል ክህደት ነው፣ የሚያስፈራን እውነት አለመቀበል። ቃላቱ የሥነ ልቦና ናቸው፤ አእምሮ ራሱን ከጭንቀት የሚጠብቅባቸው መንገዶች፣ የመከላከያ ስልቶች፣ ስሞች ናቸው። በዚህ አያያዝ ግን ከስድብ የሚለዩበት የለም።

ትናንሾቹን ስህተቶች ቶሎ እንለፋቸው።

«መከላከያ ስልት የደካማ ሰው ነው።» የሌለው ሰው የለም። የሥነ ልቦና ተንታኟ አና ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1936 ወደ አሥር የሚጠጉትን ስትዘረዝር ማንኛውም አእምሮ ጭንቀትን የሚቋቋምበትን መንገድ መግለጿ ነበር።

«ሆን ብሎ ነው የሚያደርገው።» ሆን ብሎ ካደረገውማ ውሸት ነው። መከላከያ ስልት በአብዛኛው ባለቤቱ ሳያውቀው ነው የሚሠራው።

«ሁሉም ጎጂ ናቸው።» የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጆርጅ ቫለንት እ.ኤ.አ. በ1938 በሃርቫርድ የተጀመረውን የረጅም ጊዜ ጥናት ይዞ በደረጃ ከፍሏቸዋል። ቀልድ፣ ለሌላው መድረስ፣ የሚመጣውን አስቦ መዘጋጀትና የሚያስጨንቅ ሐሳብን አውቆ ለጊዜው ማቆየት ከላይኛው እርከን ናቸው። ለቅሶ ቤት በሦስተኛው ቀን ሰው የሚያስቀው ዘመድ ሐዘኑ ያልገባው አይደለም።

አሁን ትዕግሥት ወደምታስጨርሰው እንምጣ፦ «የካደን ሰው ፊት ለፊት ካፋጠጡት ይነቃል።»

አይነቃም። ክህደት የሚነሣው ፍርሃቱ ሰውየው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሲሆን ነው። ማፋጠጥ ፍርሃቱ ላይ ኀፍረት ይጨምርበታል፣ ክህደቱም ይጠነክራል። ሌላም ጣጣ አለው። የተፋጠጠ ሰው መልስ መስጠት አለበት፤ «ደህና ነኝ፣ ምንም የለብኝም፣ ሐኪሞች ያጋንናሉ» እያለ በተከራከረ ቁጥር የራሱ ክርክር ራሱን ያሳምነዋል። በመጠጥ ችግር ላይ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ እነ ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ አማካሪው ይበልጥ ያፋጠጣቸው ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ይበልጥ ይጠጡ ነበር። ሽማግሌ ሰብስበው «ዛሬ እናውጣጣዋለን» የሚሉ ቤተሰቦች ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ክህደት ደግሞ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ አንድ ጥናት የልብ ሕሙማንን ተከታትሎ ነበር። ሕመማቸውን አጥብቀው የካዱት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የቆዩት ጥቂት ቀን ነው። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ባለው ዓመት ግን ምክር አልሰማ ብለው ተመልሰው ብዙ ቀን ተኙ። ያው ክህደት በመጀመሪያዎቹ ቀናት አሳረፋቸው፣ ከዚያ በኋላ ጎዳቸው። ስለዚህ «ክዷል ወይስ አልካደም?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያራምድም። የሚጠቅመው «ምን እንዳያደርግ ከለከለው?» የሚለው ነው። «እኔ ስኳር የለብኝም» እያለ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚውጥ ሰው አለ፤ እሱን ተዉት። «አዎ፣ ስኳር አለብኝ» ብሎ በእርጋታ እያወራ ኢንሱሊኑን ለሳምንታት ያልነካው ነው የሚያሳስበው።

እንዲህ ያለ ዘመድ ካላችሁ መጀመሪያ የምታጣሩት በትክክል ተነግሮት እንደሆነ ነው። በእኛ አገር «ለእማዬ እንዳይነገራት» ብለው ሐኪሙን የሚለምኑት ልጆች ራሳቸው ከወር በኋላ «እማዬ በሽታዋን አልቀበል አለች» ይላሉ። ያልሰማችውን ምኑን ትቀበል? የተነገረው ሰውም ቢሆን በድንጋጤ የሰማውን ብዙውን ይረሳል። «ሐኪሙ ምን አሉህ?» ብላችሁ በራሱ ቃል ያስረዳችሁ፣ አታርሙት።

ቀጥሎ ፈቃድ ጠይቁ፦ «ስለዚህ ነገር አንድ የማውቀው አለ፣ ልንገርህ?» እሺ ካለ አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፣ ሁለት አይሁን። ከዚያ ዝም በሉና «አንተ ምን ትላለህ?» በሉ። ዝምታው ሊረዝም ይችላል፤ አብዛኛው ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ ጸጥታውን ለመሙላት ስብከት ይጀምራል። መጨረሻ ላይ እምነቱን እንዲለውጥ አትጠይቁት፤ ትንሽ፣ ቀን የተቆረጠለት ተግባር ጠይቁት፦ «ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት አብረን ሄደን ደምህን እንለካ።» ሰው «ተሳስቼ ነበር» ሳይል ሊታከም ይችላል።

ይህ ሁሉ ትዕግሥት የማይሠራበት ጊዜ አለ። ደረትን የሚጨምቅና ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከላብ ጋር ሲመጣ፣ ፊት በአንድ ወገን ሲጣመም ወይም ንግግር በድንገት ሲኮላተፍ፣ ሰው መሞት እንደሚፈልግ ማውራት ሲጀምር ፈቃድ እየጠየቁ መቀመጥ የለም። በደም መርጋት ለመጣ ስትሮክ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ 4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። «ንፋስ ነው፣ ያልፋል» የሚለውን ሰው ደግፋችሁ መኪና ውስጥ አስገቡት፣ ክርክሩ ሆስፒታል ይድረስ።

«ንዴት ካልወጣ ያፈነዳል፣ ትራሱን ደብድበው።» አለቃውን መናገር ያልቻለ ሰው ቤቱ ገብቶ ልጁ ላይ ሲጮህ አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ብለውታል፤ ትራስ መደብደብም የዚያው ታናሽ ወንድም ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ብራድ ቡሽማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ሙከራ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የደበደቡት፣ ዝም ብለው 2 ደቂቃ ከተቀመጡት ይልቅ ተናደው ወጡ። ሰውነትን አቀዝቅዙ፣ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፤ አለቃውን የምታናግሩት በማግስቱ ነው።

«ሐኪም ምንም ካላገኘበት እያስመሰለ ነው።» ጭንቀት ሰውነት ላይ ሲወጣ ሕመሙ እውነተኛ ነው። በተቃራኒው «ጨጓራዬ ነው» ያለውን ሁሉ «ጭንቀት ነው» ብሎ ማሰናበትም ስህተት ነው፤ የጨጓራ ቁስለት ዋና መንሥኤዎች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ክብደት መቀነስ፣ ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስመለስ ወይም ለመዋጥ መቸገር ካለ መጀመሪያ ሐኪም ጋ። ምርመራው ንጹሕ ከሆነ ለ2 ሳምንት በደብተር ይጻፍ፦ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ መጠኑ ከ0 እስከ 10፣ ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት የተበላውና የተከሰተው። ሰኞ ጠዋት ወይም የቤት ኪራይ መክፈያ ቀን እየደጋገመ ሲመጣ ባለቤቱ ራሱ ያየዋል፣ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም።

«አታስበው፣ እርሳው።» ሐሳብን በግድ ማባረር እንደማይሠራ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 አሳይቷል፤ ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ የተባሉ ሰዎች ድቡ ደጋግሞ መጣባቸው። አውቆ ማቆየት ግን ሌላ ነው፣ ሐሳቡ ቀጠሮ ይሰጠዋል። በቀን 20 ደቂቃ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ተይዞ። በሌላ ሰዓት ሲመጣ በአንድ መስመር ጽፎ «ለ11 ሰዓት» ማለት ነው። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛው ቀጠሮውን ከመኝታ ጋር ማጠጋጋት ነው፣ እንቅልፍ ይነሣል። ሁለተኛው ቀኑ ደህና ስለዋለ ቀጠሮውን መዝለል ነው፤ በቀጠሮው ያልታየው ሐሳብ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይመጣል።